ለልጅ ስም ስትመርጡ፦ ከግዕዝ፣ ከአማርኛ፣ ከአፋን ኦሮሞ፣ ከዐረብኛ ወይስ ከሩቅ አገር?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እኔም አምናለሁ። መልአኩ ግን የሚናገረው በሰው አፍ ነው። ስለዚህ ሰሞኑን የሰውን አፍ ስሰማ ከረምኩ።

ጅማ ውስጥ፣ ሄርማታ አካባቢ፣ የምንኖርበት ግቢ ሁለት አራስ አለበት። እህቴ ሴት ልጅ ተገላገለች። ከእሷ ሁለት ሳምንት ቀድማ የጎረቤታችን ሚስት ወንድ ወለደች። የእኛ ቤት ኦርቶዶክስ ነው። የእህቴ ባልም ኦርቶዶክስ ነው፤ አጋሮ ተወልዶ ያደገ ኦሮሞ። የጎረቤቶቻችን ቤት ሙስሊም ነው፤ አባትየው ኦሮሞ፣ እናትየዋ ስልጤ። ገንፎው ከሁለቱም ቤት ይወጣል። ቡና በተፈላ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፤ "ስሙን ማን አላችሁት? ስሟንስ?"

አንዱ የግዕዝ ስም ይዞ ይመጣል። አንዷ ከስልኳ ላይ ያነበበችውን ትጠቁማለች። አያት አንድ ነገር ይላሉ፣ አባት ሌላ። ችግሩ ስም መጥፋቱ ሳይሆን መብዛቱ ነው። ለሁለቱም ቤት ስል ብዙ ስም አገላብጫለሁ። ከየትኛው ቋንቋ ብትወስዱ ምን ታገኛላችሁ፣ ምንስ ያስቸግራችኋል የሚለውን እዚህ አነጻጽራለሁ። የራሴንም አስተያየት አልደብቅም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ሰው ስም ሲመርጥ ትርጉሙን ብቻ ይጠይቃል። ትርጉም ብቻውን አይበቃም። ስሙን ባለቤቱ ብዙም አይጠራውም። የሚጠሩት ሌሎች ናቸው። ማን ይጠራዋል? በምን ቋንቋ? የት ቦታ? መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

የምትወስኑበት ቀን

ጊዜያችሁ በየቤቱ ይለያያል። ሙስሊም ቤት ዐቂቃ የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ነው። ለወንድ ሁለት በግ፣ ለሴት አንድ በግ ይታረዳል። ስሙም ያኔ ይታወቃል። ኦርቶዶክስ ቤት ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። የክርስትና ስም የሚወጣው ያን ቀን ነው። መንግሥት ደግሞ የራሱ ቀጠሮ አለው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ጎረቤታችን በሰባት ቀን መወሰን ነበረበት። እህቴ ልጇ ክርስትና እስክትነሳ ልጠብቅ ብትል ለምዝገባ የሚተርፋት 10 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ የወረቀቱን ስም ቀድማችሁ አስቡ። የክርስትናው ስም በራሱ ቀን ይመጣል።

ግዕዝ፦ ሁለት ቃል፣ አንድ ስም

የክርስትና ስም አብዛኛው የግዕዝ ነው። ገብረ ማለት አገልጋይ ነው፤ ለሴት አመተ ይሆናል። ወልደ የወንድ ልጅ፣ ወለተ የሴት ልጅ ነው። ኃይለ ኃይል፣ ሀብተ ስጦታ፣ ጽጌ አበባ። ከኋላው የሚመጣው የአምላክ፣ የቅዱስ ወይም የመልአክ ስም ነው። ኃይለ ሥላሴ የሥላሴ ኃይል ማለት ነው። ንጉሡ ከልጅነታቸው ጀምሮ የክርስትና ስማቸው ይህ ነበር፤ ሰው የሚጠራቸው ግን ተፈሪ እያለ ነው። በ1923 ዓ.ም ዘውድ ሲጭኑ የክርስትና ስማቸው የንግሥና ስም ሆነ። እቴጌ ጣይቱም በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነበሩ። ዓለም የሚያውቃቸው ግን በጣይቱ፣ በፀሐይቱ ነው።

የግዕዝ ስም ክብደት አለው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲጠራ ደስ ይላል። ብዙ ሰው ግን የጎረቤቱን የክርስትና ስም የሚሰማው በፍትሐት ቀን ነው። አብሮ ቡና ሲጠጣ ኖሮ ያን ቀን "ለካ ወለተ ጊዮርጊስ ነበረች" ይላል። እኔን ይሄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የክርስትና ስሙን ወረቀት ላይ ባታደርጉት እንኳ ቤት ውስጥ አልፎ አልፎ ጥሩት።

ወረቀት ላይ ካደረጋችሁት አያይዛችሁ እንደ አንድ ቃል ጻፉት። ካልሆነ "ገብረ" የልጁ ስም፣ "ሚካኤል" የአባቱ ስም ሆኖ ቅጽ ላይ ይሰፍራል። በኋላ ለማስተካከል ብዙ ያመላልሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የግዕዙ ገብረ እና የዐረብኛው ዐብድ ትርጉማቸው አንድ ነው። ገብረ እግዚአብሔር እና ዐብዱላህ ሁለቱም የፈጣሪ አገልጋይ ማለት ናቸው። ሰፈር ውስጥ ሲያጥሩም አንድ ዓይነት ነገር ይደርስባቸዋል። አንዱ ገብሬ ይባላል፣ ሌላው አብዱ። ከሁለቱም ላይ የሚቀረው አገልጋይነቱ ነው፤ የማን እንደሆነ ይወድቃል።

አማርኛ፦ ዓረፍተ ነገር የሆነ ስም

የአማርኛ ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ጥላሁን ለልጁ "ጥላ ሁን" የሚል አደራ ነው። ደሳለኝ የወላጅ ደስታ ነው። ስንታየሁ "ስንቱን አየሁ" የሚል ረጅም ትንፋሽ ነው። ሽፈራው ሺህ ሰው ይፍራው የሚል ምኞት ነው። ዘነበና ዘነበች ዝናብ ያመጡ ልጆች ናቸው፤ እንደ ጅማ ዝናብ በማይጠፋበት አገር ስሙ ቢበዛ አይገርምም። አብዮት የሚባል ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ዕድሜውን ሳትጠይቁ ትገምታላችሁ፤ የ1966ቱን ለውጥ ተከትሎ የመጣ ስም ነው።

ስሙ በተጠራ ቁጥር ቤተሰቡ ያን ጊዜ የነበረበት ሁኔታ አብሮ ይነሳል። የአማርኛ ስም ውበቱ ይሄ ነው። ክብደቱም ይኸው ነው።

እህቴ ከዚህች ልጅ በፊት አንድ ልጅ ቀብራለች። እናታችን ይህችኛዋን "ካሰች እንበላት" አለች። ካሳ፣ ካሱ፣ ካሳዬ፣ ካሰች፣ ምትኩ፣ ምትኬ፣ ማስረሻ፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ ሐዘንን ተከትለው የሚወጡ ስሞች ናቸው። እናቴ ክፉ አስባ አይደለም። ለእሷ ስሙ ምስጋና ነው። "አምላክ ካሰኝ" ማለቷ ነው። እህቴ ግን አለቀሰች። "እማዬ፣ ይቺ ልጅ የማንም ምትክ አይደለችም። ራሷን ሆና ነው የመጣችው" አለቻት። እናቴ ዝም አለች። ከዚያ ተነስታ ልጅቷን አቀፈቻት።

እኔ በዚህ ነገር ከእህቴ ጋር ነኝ። የእናቴንም ሐሳብ ግን አልንቅም። አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ኃይሉ ነበሩ። አፄ ዮሐንስ አራተኛም ካሳ ምርጫ ነበሩ። ሁለት ካሳዎች ኢትዮጵያ ላይ ነግሠዋል። ስሙ ማንንም አላሳነሰም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ወደ ኋላ የሚያይ ስም አለ፣ ወደ ፊት የሚያይ ስም አለ። ተስፋዬ፣ ይበልጣል፣ ብርሃኑ ወደ ፊት ያያሉ። ካሳና ማስረሻ ወደ ኋላ ያያሉ። ወደ ኋላ የሚያይ ስም ከመረጣችሁ ያቺ የወለደችው እናት ራሷ ፈቅዳ ይሁን። አያትም አባትም ተክቶላት ሊወስን አይገባም። ስሙን በቀን ሃያ ጊዜ የምትጠራው እሷ ናት።

አፋን ኦሮሞ፦ የሚያብብ ስም

የእህቴ ባል የሚፈልገው ስም ደራርቱ ነው። ያበበች ማለት ነው። አማርኛው አበበች ነው። አንድ ትርጉም፣ ሁለት ቋንቋ።

አፋን ኦሮሞ ውስጥ ልጅ ብዙ ጊዜ እንደ ተክል ይሰየማል። ቢቂላ የበቀለ ነው። መገርሳ የሚያበቅል፣ ለሊሳ የሚያለመልም። ሮባ ዝናብ ነው፣ ቱሉ ተራራ፣ ገላና ትልቅ ውኃ። በ1952 ዓ.ም ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈውን አትሌት ስም አሁን እንደገና አንብቡት። አበበ ቢቂላ። የመጀመሪያው አማርኛ፣ ሁለተኛው አፋን ኦሮሞ። ልጁ አበባ፣ አባቱ ቡቃያ። በ1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉም አበባዋ በተራራ ላይ ነው። የእህቴ ባል ይህን ሲናገር ዓይኑ ያበራል። እኔም ሰምቼ አልጠግበውም።

የምኞት ስምም ሞልቷል። ጫላና ጫልቱ የሚበልጥና የምትበልጥ ናቸው፤ አማርኛው በለጠ ነው። ገመቹ ደስታ ነው። ፈይሳ የሚፈውስ። ቦንቱ ኩሩ። ሃዊ ምኞት። ዋቅ ፈጣሪ ነውና ዋቅጅራ "ፈጣሪ አለ"፣ ዋቅጋሪ "ፈጣሪ ደግ ነው" ይላሉ። የቀን ስምም አለ። ጅማታ ዓርብ ማለት ነው። ጋና ውስጥ ዓርብ የተወለደ ወንድ ኮፊ ይባላል፣ ቅዳሜ የተወለደው ክዋሜ፤ ኮፊ አናንና ክዋሜ ንክሩማ ስማቸው ከዚያ ነው። በስዋሂሊ ደግሞ የዓርቡ ልጅ ጁማ ነው። ጅማታ፣ ኮፊና ጁማ አንድ ክፍል ቢማሩ ሦስቱም የዓርብ ልጆች ናቸው።

ሁለት ቋንቋ የሚሰማበት ከተማ ለሚኖር ሰው ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው። አንድ ስም በሁለት ጆሮ ሁለት ነገር ይሆናል። አንዳንዴ መልካም ይገጥማል። ነጋ በአማርኛ ሌሊቱ አልፎ ቀኑ መምጣቱ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ሰላም ነው። ከዚህ የተሻለ ግጥሚያ አላየሁም። አብዲ በአፋን ኦሮሞ ተስፋ ነው፤ ሶማሌ ዘንድ ግን ከዐረብኛው የመጣ አገልጋይ ነው። ሁለቱም ያምራሉ። ሞቲ ላይ ግን አስቡበት። በአፋን ኦሮሞ ንጉሥ ማለት ነው፤ ጅማን ከ50 ዓመት በላይ የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ማዕረጋቸው ሞቲ ነበር። ጅማ ውስጥ ስሙ ማብራሪያ አያሻውም። ልጁ አፋን ኦሮሞ ወደማይሰማበት ከተማ ሲሄድ ግን አማርኛ የለመደ ጆሮ "ሞት" የሚለውን ይሰማል። ስሙን አትተዉት። ልጁ ትርጉሙን በኩራት እንዲናገር ግን ከሕፃንነቱ አስተምሩት።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። በኛ ፊደል ቦና ብላችሁ ስትጽፉ የአናባቢው ርዝመት አይታይም። በአጭሩ ካነበባችሁት በጋ ነው፤ ኦውን ካስረዘማችሁት ኩራት ነው። በቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ ግን ረጅሙ ድምፅ ፊደሉ ይደገማልና ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአፋን ኦሮሞ ስም ከመረጣችሁ በቁቤ እንዴት እንደሚጻፍ መጀመሪያ እወቁ።

ዐረብኛ፦ ከሁለቱም ቤት የሚሰማ ስም

ጎረቤታችን ቤት ክርክሩ በኑርና በኢፋ መካከል ነበር። አኮ፣ የልጁ አያት፣ የዐረብኛ ስም ነው የሚገባው አሉ። አባትየው የአባቶቼ ቋንቋ ይቅደም አለ። ሦስት ቀን ተከራከሩ። ከዚያ አንድ ጎረቤት "ኑርም ኢፋም ብርሃን አይደለም እንዴ?" አላቸው። ነው። ኑር በዐረብኛ፣ ኢፋ በአፋን ኦሮሞ፣ ሁለቱም ብርሃን ናቸው። በሰባተኛው ቀን ወረቀቱ ላይ ኑር እንዲሆን ተስማሙ። አባቱ ግን ልጁን ሲያቅፈው ኢፋ ይለዋል። አኮም አሁን ለምደው ኢፋ ማለት ጀምረዋል።

ዐረብኛ ስም ስትመርጡ የሃይማኖቱ አስተምህሮ ራሱ ይመራችኋል። አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደዱት ስሞች ዐብዱላህና ዐብዱረህማን መሆናቸው በሐዲስ ተነግሯል። ከዚያ ውጪ ትርጉማቸው ያማረ ብዙ አሉ። ጀማል ውበት፣ ሙክታር የተመረጠ፣ አሚና ታማኝ፣ ሀያት ሕይወት። ሀያትና ሕይወት የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ካያችሁ ሞክሼ ናቸው ማለት ትችላላችሁ።

ዐረብኛ ስም ሩቅ ይሄዳል። ጅማ ላይ የሚጠራው ካይሮም ጃካርታም ይጠራል። ትርጉሙን የሚጠይቃችሁ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አራት መሐመድ ይገኛል። ያኔ መለያው የአባት ስም ይሆናል። አጻጻፉም ይለያያል። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሁሉም አንድ ሰው ነው፤ ወረቀት ግን እንደ ሦስት ሰው ያየዋል።

የተቀላቀለ ቤተሰብ ካላችሁ ደግሞ የነቢያት ስም የመሰለ የለም። ኢብራሂምና አብርሃም፣ ሙሳና ሙሴ፣ ዩሱፍና ዮሴፍ፣ ዳውድና ዳዊት፣ ሱለይማንና ሰሎሞን፣ አዩብና ኢዮብ፣ ያህያና ዮሐንስ። ሁለት አያቶች አንድን ልጅ በየራሳቸው አጠራር ሊጠሩት ይችላሉ፤ ማንም አይከፋውም። አንድ ልዩነት ብቻ እወቁ። ሙስሊም ቤት ሴት ልጅ መርየም ትባላለች። ኦርቶዶክስ ቤት ግን ለእመቤታችን ክብር ሲባል ልጅን ብቻውን ማርያም ብሎ መጥራት አልተለመደም፤ ወለተ ማርያም ወይም ማርያማዊት ይባላል። ዒሳም ሙስሊም ቤት የሰው ስም ነው። እኛ አገር ክርስቲያን ቤት ግን ልጁን ኢየሱስ አይለውም።

ከሩቅ የመጣ ስም

ከሩቅ የመጡ ስሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። ከጥንት ጀምሮ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የገቡ አሉ፤ እነሱ እንግዳ መሆናቸው ተረስቷል። ዳንኤል "አምላክ ፈራጄ ነው" ማለት ነው፣ ይስሐቅ "ይስቃል"፣ ሐና ጸጋ፣ ሣራ ልዕልት። እነዚህ ዕብራይስጥ ናቸው። ጴጥሮስ ዐለት፣ እስጢፋኖስ አክሊል፣ ጊዮርጊስ ገበሬ፤ እነዚህ ግሪክ ናቸው። ቡና ለቃሚ ቤት የተወለደ ጊዮርጊስ የሚባል ልጅ ስሙና ሥራው ገጥሞለታል።

ስሞች በየቋንቋው እንዴት እንደሚገናኙ ለማየት "የአምላክ ስጦታ" የሚለውን ብቻ ተከተሉት። ግሪኩ ቴዎድሮስ ይለዋል። ዕብራይስጡ ናትናኤል ወይም ማቴዎስ ይለዋል። ግዕዙ ሀብተ ሥላሴ። ዐረብኛው ሂበቱላህ። አፋን ኦሮሞ ኬና፣ ስጦታ፣ ይላል። ለእህቴ ይህን ሳነብላት ኬና ላይ ስትደርስ "ቆይ፣ ድገሚልኝ" አለችኝ።

ሁለተኛው ዓይነት አሁን አሁን የመጣው ነው። አጭር፣ ለአፍ የሚቀል፣ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የቦታ ስም የሆነ። ቤቴል የአምላክ ቤት ነው። ሎዛ የዚያችው የቤቴል የቀድሞ ስም ናት። ኤፍራታ ፍሬያማነት ነው። ቢታንያ አልዓዛር ከሙታን የተነሣባት መንደር ናት። እነዚህን እወዳቸዋለሁ። ግን ቃሉ አማረ ብላችሁ ብቻ አትውሰዱ፤ ታሪኩን አንብቡ። ኤዶም ለምሳሌ ለጆሮ ደስ የሚል ስም ነው። ትርጉሙ ቀይ ነው። ዔሳው ብኩርናውን በቀይ ወጥ ሲሸጥ የወጣለት ስም ነው። ይህን አውቆ የመረጠ ምንም አይደለም። ሳያውቅ የመረጠ ግን አንድ ቀን ልጁ አንብቦ መጥቶ ይጠይቀዋል።

ስልክ ላይ ስለ ስም ትርጉም የሚጻፈውንም እንዳለ አትመኑ። አንድ ስም "በግዕዝ እንዲህ ማለት ነው" የሚል ካያችሁ ግዕዝ የተማረ ሰው ጠይቁ። መሪጌታ ወይም ቄስ በየሰፈሩ አለ። ዐረብኛውን ኡስታዝ ወይም ሼህ ይነግራችኋል። አፋን ኦሮሞውን የሰፈር ሽማግሌ። ከየትም ከተጻፈ ይልቅ እነሱን አምናለሁ።

ወረቀቱ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን በልማዱ ቀጠለ። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ባልና ሚስት ስማቸው አይገናኝም። ጃፓን ውስጥ የተጋቡ ጥንዶች በሕግ አንድ የቤተሰብ ስም መያዝ አለባቸው። እስፔን ውስጥ ልጅ ከአባቱም ከእናቱም ይወርሳል። ለእኛ በጣም የምትቀርበው አይስላንድ ናት። እዚያም ልጅ በአባቱ ስም ነው የሚጠራው፤ ለወንድ "ሶን"፣ ለሴት "ዶቲር" ይጨመርበታል። የፈለገ ግን የእናቱን ስም መያዝ ይችላል። አዲስ የልጅ ስም ሲመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመ የስም ኮሚቴ መዝኖ ያጸድቀዋል።

እኛ ጋ የእናት ስም ከልጁ ሙሉ ስም ውስጥ አይገባም። ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አምጣ፣ አራስ ቤት ተኝታ፣ ስሟ የትም አይከተልም። ስለዚህ ቢያንስ የልጁን ስም እሷ ታውጣ የምለው ለዚህ ነው።

ከእኛ ልማድ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የልጁ ስም ከአባቱ ስም ጋር አብሮ ይነበባል። ሰላም የሚለውን ስም ዘነበ ከሚለው የአባት ስም ጋር አንብቡት። ሰላም ዘነበ። ስም ብቻ አይደለም፣ ምርቃት ነው። ሁለተኛ፣ የወንድ ልጅ ስም የልጅ ልጃችሁ የአባት ስም ይሆናል። ለሕፃን የሚያምር ስም ሁሉ ለአባት አይሆንም። ለሠላሳ ዓመት ሰው የሚጠራ መሆኑን ፈትኑት።

ጅማ ውስጥ ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለን። "አባ"። አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው፤ የአባታቸው አባ ጎሞልም እንዲሁ። ሸዋ፣ ጎንደርና ትግራይም ይህን ልማድ ያውቁታል፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ ነበሩ። ሌላ ቦታ የጀግና ቅጽል ሆኖ ቀረ። ጅማ ግን እስከ ዛሬ የአያት ስም ሆኖ ወረቀት ላይ ይኖራል። አባ ቢያ፣ የአገር አባት። አባ ዱላ፣ የጦር አባት። እነዚህን ስሞች የማያውቅ ጸሐፊ "አባ" ብቻ ጽፎ የሚቀጥለውን ይተዋል፣ ወይም ማዕረግ መስሎት ይሰርዘዋል። አንድ የአጎቴ ልጅ ስሙ በአንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ተቆርጦበት ለሁለት ዓመት ሲመላለስ አይቻለሁ። የአያት ስማችሁ አባ ካለበት አያይዛችሁ አስጽፉ፤ ከመፈረማችሁ በፊትም አንብቡ።

የላቲን አጻጻፉም እንዲሁ ነው። ቁቤ ከ1984 ዓ.ም ጀምሮ የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ ነው። በቁቤ "ጨ" የሚጻፈው "ሲ" በሚባለው ፊደል ብቻ ነው፤ "ቀ" በ"ኪው"፣ "ጠ" በ"ኤክስ"። ከአማርኛ የሚገለብጥ ሰው ግን ጫልቱን በ"ሲ" እና "ኤች" ይጀምራታል። የልደት ወረቀቷ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቷ ሌላ ዓይነት ይሆናል። ምክሬ አጭር ነው። በላቲን እንዴት እንደሚጻፍ ዛሬውኑ ወስናችሁ በወረቀት ያዙ። ከዚያ በኋላ በሄዳችሁበት ሁሉ ያንኑ አሳዩ።

ከግቢው በር ላይ

ሁሉንም ካመዛዘናችሁ በኋላ የቀረውን የምትፈትኑበት አንድ መንገድ አለኝ። ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ልጁ ነገ ሲጫወት አምሽቶ ለእራት እንደምትጠሩት አድርጋችሁ። ወረቀት ላይ የሚያምር ስም አፍ ላይ ሊጎረብጥ ይችላል። መጨረሻው በ"ል" ወይም በ"ም" የሚዘጋ ስም ከሩቅ በደንብ ላይሰማ ይችላል። በአናባቢ የሚያልቅ ስም ግን ብዙ ጊዜ አጥር ያልፋል።

እህቴ መስታወቷ ላይ ወረቀት ለጥፋለች። መጀመሪያ አሥራ ሦስት ስም ነበረበት። አሁን ሦስት ቀርቷል፤ ደራርቱ፣ ቢታንያ፣ ኬና። ትናንት ማታ ዝናቡ ሲያባራ ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ሦስቱንም ተራ በተራ ወደ ግቢው ጠራች። እናቴ ከማዕድ ቤት ብቅ አለች። ከአጥሩ ወዲያ አኮ ኢፋን እያስተኙ ነበር። "ሁለተኛዋን አልሰማኋትም" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ሌሎቹን ግን ሰምቻለሁ። እንደገና ጥሪያቸው እስቲ።"